ስማርት ቲቪን በኬብል ከኢንተርኔት ማገናኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዘመድ ወዳጅ ቤት ኬብል ስዘረጋ ደጋግሜ የምሰማቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ።

ዋይፋይ እያለኝ ኬብል ለምን ያስፈልገኛል?

ዋይፋያችሁ ሳይቆራረጥ የሚሠራ ከሆነ አያስፈልጋችሁም። እንደዚያው ተዉት። ኬብል የሚያስፈልገው ቪዲዮው እየቆመ፣ መሃሉ ላይ ክቧ እየዞረች ለሚያስቸግረው ሰው ነው። እንዲህ የሚቸገር ሰው ደግሞ ብዙ ነው። የአዲስ አበባ ቤት ግድግዳው ብሎኬት፣ ምሶሶና ወለሉ ብረት ያለበት አርማታ ነው። ራውተሩ የሚቀመጠው ደግሞ ለቲቪው በሚመች ቦታ ሳይሆን መስመሩ ከውጭ በገባበት ጥግ ነው። ምልክቱ ሁለት ሦስት ግድግዳ አልፎ ሳሎን ሲደርስ ጉልበቱ አልቋል።

ዋይፋይ ሁለት ዋና መስመር አለው። ባለ 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፤ ግን ግድግዳ ይከብደዋል። ባለ 2.4ቱ ግድግዳ ይሻገራል፤ ግን ጠባብ ነው። እርስ በርስ የማይረባበሹ ቻናሎቹ 3 ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስልካችሁን ከፍታችሁ የዋይፋይ ዝርዝሩን እዩት። ሃያ ሠላሳ ጎረቤት እነዚያን ሦስት ቻናሎች ይጋፋል። ኬብል ይህን ግፊያ በሙሉ ያልፈዋል።

እናቴ እሑድ እሑድ ቅዳሴ በዩቲዩብ ትከታተላለች። በየመሃሉ እየቆመ ስንት ጊዜ ተበሳጭታለች። ራውተር ቀየርን፣ ፓኬጅ ከፍ አደረግን፣ ለውጥ የለም። በመጨረሻ 18 ሜትር ኬብል በኮርኒስ ላይ አሳልፌ ሰካሁላት። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ደውላልኝ አታውቅም።

ምን ምን መግዛት አለብኝ?

አንድ የኔትወርክ ኬብል፣ ሁለቱም ጫፉ ላይ ጃክ የተገጠመለት። በቃ። ሰው ላን ኬብል ወይም ኢተርኔት ኬብል ይለዋል፤ አንድ ነው። አንዱ ጫፍ ራውተሩ ላይ፣ ሌላው ቲቪው ላይ ይሰካል። ሥራው ርዝመቱን በትክክል መለካት ላይ ነው። በግድግዳው ጠርዝ፣ በበሩ ዙሪያ፣ በኮርኒሱ ላይ የሚሄድበትን መንገድ በሜትር ለኩ፤ ከዚያ 2 ሜትር ጨምሩበት።

ቲቪዬ የኬብል መሰኪያ እንዳለው በምን አውቃለሁ?

ከጀርባው ወይም ከጎኑ እዩ። አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነው፤ የመስመር ስልክ መሰኪያ ይመስላል፣ ግን ሰፋ ይላል። ውስጡ በመብራት ሲታይ 8 ቀጫጭን የብረት መስመሮች አሉት። አጠገቡ ላን ወይም ኢተርኔት የሚል ጽሑፍ፣ አንዳንዴም ሦስት ትንንሽ ሳጥኖች የተያያዙበት ምልክት ይኖራል። ቲቪው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ከሆነ የስልካችሁን ካሜራ ከኋላው አስገብታችሁ ፎቶ አንሱት። አውርዶ መልሶ ከመስቀል ይሻላል።

የመስመር ስልክ ገመድ እዚህ ቀዳዳ ውስጥ ላላ ብሎ ሊገባ ይችላል። ገባ ማለት ግን ይሠራል ማለት አይደለም፤ ብረቶቹንም ሊያጣምም ይችላል።

ከዲሽ የሚመጣው ገመድ ለዚህ አይሆንም?

አይሆንም። የዲሽ ገመድ ክብ፣ መሃሉ ላይ አንድ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ያለው ኮአክሲያል ነው። የኔትወርክ ኬብል ውስጡ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት፤ ሁለት ሁለት ሆነው ተጠማዝዘዋል። ሁለቱ አይተካኩም። ዲሹን መንቀል አያስፈልግም፤ ቲቪው ሁለቱንም ይዞ ይቀመጣል።

አሜሪካ ለምትኖሩ ግን አንድ መንገድ አለ። እዚያ ብዙ ቤት ግድግዳው ውስጥ የኬብል ቲቪ ኮአክሲያል ቀድሞ ተዘርግቶ ይገኛል። ሞካ የሚባል ጥንድ አስማሚ አለ፤ አንዱ ራውተሩ ጋ፣ አንዱ ቲቪው ጋ ይገጠማል። ኢንተርኔቱ በዚያው ኮአክሲያል ላይ ይሄዳል። ግድግዳ መብሳት ለማይፈቀድለት ተከራይ ትልቅ መፍትሔ ነው።

ከሰካሁት በኋላ ቲቪው ላይ ምን እነካለሁ?

ብዙ ጊዜ ምንም። አዳዲሶቹ ቲቪዎች ኬብሉን ራሳቸው ያውቁታል። ካላወቀው በሪሞቱ ሴቲንግስ ግቡ። ሳምሰንግ ላይ ጀነራል፣ ቀጥሎ ኔትወርክ፣ ቀጥሎ ኦፕን ኔትወርክ ሴቲንግስ ትሉና ዋየርድ ትመርጣላችሁ። አዲሶቹ ሞዴሎች ላይ ኔትወርክ የሚገኘው ኮኔክሽን በሚለው ስር ነው። ኤልጂ ላይ ኔትወርክ ወይም ኮኔክሽን የሚለው ውስጥ ዋየርድ ኮኔክሽን አለ። ሶኒ እና ሌሎች ጉግል ቲቪ የሚጠቀሙት ላይ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት ውስጥ ኢተርኔት የሚለውን ፈልጉ። ሃይሴንስ ላይ ኔትወርክ ውስጥ ገብታችሁ የግንኙነቱን ዓይነት ወደ ኢተርኔት ትቀይራላችሁ። የስም ልዩነት ካጋጠማችሁ አትደናገጡ፤ በየዓመቱ ቦታውን ይቀያይሩታል።

የይለፍ ቃል አይጠይቅም። የሰካ ሁሉ ይገባል።

ዋይፋዩን ማጥፋት አለብኝ?

የቲቪውን? አንድሮይድና ጉግል ቲቪ ኬብል ሲያገኙ ራሳቸው ወደ ኬብሉ ይዞራሉ። ሌሎቹ ላይ ከላይ እንዳልኩት ዋየርድ የሚለውን መምረጥ ይበቃል። የራውተሩን ዋይፋይ ግን አታጥፉት፤ የቤቱ ስልክ ሁሉ እሱ ላይ ነው።

ኬብል ካደረግኩ ኢንተርኔቴ ይፈጥናል? ስንት ሜጋ ይበቃኛል?

ኬብል የገዛችሁትን ፓኬጅ አይጨምረውም። የሚያደርገው መንገድ ላይ የሚባክነውን ማስቀረት ነው። 10 ሜጋቢት ገዝታችሁ ቲቪው ጋ 3 ብቻ ይደርስ ከነበረ አሁን ወደ 10 የሚጠጋ ይደርሳል። መስመሩ ራሱ ከውጭ ደካማ ከሆነ ግን ኬብል አያድነውም። ይህን ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። ስልካችሁን ይዛችሁ ራውተሩ አጠገብ ቁሙና ስፒድ ቴስት ሥሩ። ከዚያ ቲቪው አጠገብ ድገሙት። ራውተሩ ጋ ጥሩ፣ ቲቪው ጋ መጥፎ ከሆነ ኬብል መፍትሔያችሁ ነው። ሁለቱም ጋ መጥፎ ከሆነ ገንዘባችሁን ኬብል ላይ አታውጡ፤ አገልግሎት ሰጪያችሁ ጋ ደውሉ።

ስንት ይበቃል ላላችሁት፣ ኔትፍሊክስ ለ1080 ጥራት 5 ሜጋቢት በሰከንድ፣ ለ4ኬ 15 ይጠይቃል። ዩቲዩብ ለ4ኬ 20 አካባቢ ይፈልጋል። ይህ ለአንድ ቲቪ ብቻ ነው። ልጆቹ በስልክ ቪዲዮ የሚያዩ ከሆነ የእነሱንም ደምሩበት።

4ጂ ራውተር ነው የምጠቀመው፣ በጊጋ ነው የምገዛው። ኬብል ዳታ ይቆጥብልኛል?

አይቆጥብም። እንዲያውም ሊጨምር ይችላል። ግንኙነቱ ሲሻሻል ዩቲዩብ ጥራቱን በራሱ ከፍ ያደርጋል። በ5 ሜጋቢት የሚሄድ ቪዲዮ በሰዓት 2.25 ጊጋ ገደማ ይበላል። 4ኬ ከሆነ ኔትፍሊክስ በሰዓት እስከ 7 ጊጋ ሊወስድ ይችላል። በጊጋ የምትገዙ ከሆነ መተግበሪያው ውስጥ ገብታችሁ ጥራቱን 480 ወይም 720 ላይ ገድቡት።

ሌላው፣ በኪስ የሚያዘው ሚፋይ ብዙ ጊዜ የላን ቀዳዳ የለውም። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የቤት 4ጂ ራውተር ግን በአብዛኛው አለው። ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን እዩ።

በኬብል ስፒድ ቴስት ስሠራ ከዋይፋይ ያነሰ አሳየኝ። ተሸወድኩ?

አልተሸወዳችሁም። ብዙዎቹ ቲቪዎች፣ በጣም ውዶቹ ጭምር፣ የሚገጠምላቸው የላን ፖርት በሰከንድ ከ100 ሜጋቢት በላይ አያሳልፍም። ስለዚህ ስፒድ ቴስቱ 90 ከምናምን ላይ ይቆማል። 200 ሜጋቢት መስመር ያለው ሰው በ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ 150 ሊያይ ይችላል፤ ያ እውነት ነው።

ግን ለፊልም የሚያስፈልገው ከፍተኛው 20 ገደማ ከሆነ 150ው ምን ያደርጋል? ቲቪ ላይ ቁም ነገሩ የማይዋዥቅ ፍሰት ነው። ዋይፋይ አሁን 150፣ ከደቂቃ በኋላ 4 ሊሆን ይችላል። ቪዲዮው የሚቆመው በዚያች ባለ 4ቷ ደቂቃ ነው። ኬብሉ 94 ካለ ሌሊቱን ሙሉ 94 ነው። 100 የሚያንሰው ከቤት ኮምፒውተር ወይም ሃርድ ዲስክ ላይ ያልተጨመቀ ትልቅ የ4ኬ ፋይል በኔትወርክ ለሚያጫውት ሰው ብቻ ነው።

ካት 5ኢ ልግዛ ካት 6? ሻጩ ካት 8 አለ ይለኛል።

ካት የሚለው የኬብሉ ደረጃ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር የሚያሳልፈው ፍጥነት ይጨምራል። ካት 5ኢ ይበቃል። የቲቪው ፖርት 100 ሜጋቢት ነው፤ ካት 5ኢ 1000 ያሳልፋል። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ከሆነና የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ ካት 6 ውሰዱ፤ ነገ ሌላ ዕቃ ሊሰካበት ይችላል። ካት 8ን እርሱት።

ከቁጥሩ ይልቅ የምለምናችሁ ሽቦው ከምን እንደተሠራ እንድታዩ ነው። መርካቶ ኬብል ከካርቶን እየተጎተተ በሜትር ይቆረጣል፤ ሙሉ ካርቶኑ 305 ሜትር ነው። ገበያው ላይ ብዙ ሲሲኤ የሚባል ዓይነት አለ። ይህ ውስጡ አሉሚኒየም፣ ላዩ ብቻ መዳብ የተቀባ ነው። ሲያዩት መዳብ ይመስላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ይሰበራል፤ ጃክ ሲገጠምለትም ቶሎ ይላላል። ለመለየት የአንዷን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ፋቁ። ከቀዩ ስር ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። እስከ ውስጥ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ሻጩን ትንሽ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ ምንም ነውር የለውም። ለሦስት ሜትር ርቀት ሲሲኤም ይሠራ ይሆናል። ግድግዳ ውስጥ ለሚቀር ኬብል ግን አደራ፣ መዳብ ይሁን።

ስንት ሜትር ድረስ መሄድ ይችላል?

100 ሜትር። ተራ ቤት ውስጥ እዚያ የሚደርስ የለም።

ቤቱ ውስጥ እንዴት ልዘርጋው? ከመብራት ሽቦው ጋር አብሮ ይሂድ?

በፍጹም አብሮ አይሂድ። አንድ ባለሙያ እኛ ቤት የኔትወርኩን ኬብል ከመብራቱ ሽቦ ጋር አንድ ቱቦ ውስጥ አስገብቶልን ነበር። ባዶ ቦታ ስላገኘ ነው። ሳየው ደነገጥኩ። የመብራት ሽቦ 220 ቮልት ይዟል። ሽፋኑ አንድ ቦታ ቢላጥ ያ 220 ቮልት በቀጭኑ ኬብል አድርጎ ቲቪውና ራውተሩ ላይ፣ ከዚያም የሰው እጅ ላይ ይደርሳል። በዚያው ቀን አስወጣሁት። እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ነገ አትበሉ።

በግድግዳ ላይ ከመብራት መስመር ጎን ለጎን የሚሄድ ከሆነ ቢያንስ 20 ወይም 30 ሳንቲሜትር አራርቁት። መሻገር ግድ ከሆነ በመስቀለኛ ይሻገር። ብዙ ቤት ውስጥ ለስልክ ወይም ለዲሽ ተብሎ የተቀበረ የተለየ ቱቦ አለ፤ መጀመሪያ እሱን ፈትሹ። ቱቦ ውስጥ ስታሳልፉ ጃክ ያልተገጠመለት ኬብል ጎትቱ፣ ጃኩን በኋላ ግጠሙ፤ ጃክ ያለው ጫፍ መታጠፊያው ላይ ይሰነቀራል። ቱቦ ከሌለ ኮርኒሱ ላይ ወይም በግድግዳው ግርጌ የፕላስቲክ መሸፈኛ ለጥፋችሁ ውስጡ አሳልፉት። በር ስር ለማሳለፍ ጠፍጣፋ ኬብል አለ። በምንጣፍ ስር ሰው በሚረግጥበት ቦታ ግን አትቅበሩት።

ሹል አድርጋችሁ አትጠፉት። በሚስማር ስትይዙት ኬብሉ እስኪጨፈለቅ አትምቱ።

ጃኩን ራሴ መግጠም እችላለሁ?

ትችላላችሁ። መጨመቂያው ክሪምፐር ይባላል፤ ከጎረቤት ወይም ከኮምፒውተር ጠጋኝ መዋስ ይቻላል። የሽቦዎቹ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ነጭ በብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ በአረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ በሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ በቡናማ፣ ቡናማ። የጃኩን የብረት ጥርሶች ወደ እናንተ፣ ኬብሉ የሚገባበትን ወደ ታች አድርጋችሁ ስትይዙት ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ሁለቱም ጫፍ ላይ አንድ ዓይነት አድርጉት።

ጀማሪ የሚሳሳተው አረንጓዴውን ከነጭ በአረንጓዴው አጠገብ አድርጎ ነው። ጎን ለጎን መሆን ያለባቸው ይመስላል፤ ግን አይደሉም። ሰማያዊዎቹ በመሃላቸው ይገባሉ። ሌላው፣ ጥምዝምዛቸውን ብዙ አትፍቱት፤ ከ13 ሚሊሜትር በላይ ባይፈታ ጥሩ ነው። የኬብሉ የውጭ ሽፋን ጃኩ ውስጥ ገብቶ አብሮ መጨመቅ አለበት፤ አለበለዚያ ትንሽ ሲጎተት ሽቦዎቹ ይወጣሉ።

ቲቪዬ የላን ቀዳዳ የለውም። ተስፋ ልቁረጥ?

አትቁረጡ። አንዳንድ ርካሽ ቲቪዎች ላይ ይቀራል። አንድሮይድ ወይም ጉግል ቲቪ ከሆነ ከዩኤስቢ ወደ ላን የሚቀይር ትንሽ አስማሚ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ሁሉም ቲቪ ሁሉንም አስማሚ አያውቅም፤ ስለዚህ ስትገዙ ካልሠራ እመልሳለሁ ብላችሁ ተስማሙ። ሌላው መንገድ ከኤችዲኤምአይ ቀዳዳ የሚሰካ ዕቃ ነው። በ2024 የወጣው ጉግል ቲቪ ስትሪመር የላን ቀዳዳ አብሮት ተሠርቷል። የአማዞን ፋየር ቲቪ ስቲክም ለብቻው የሚሸጥ የላን አስማሚ አለው።

ሦስተኛው ዘዴ የዋይፋይ ማስፋፊያ ነው። ኬብሉን እስከ ሳሎን ጎትታችሁ እዚያ ማስፋፊያውን በአክሰስ ፖይንትነት፣ ማለትም ከኬብል ተቀብሎ ዋይፋይ እንዲያሰራጭ አድርጋችሁ፣ ብትሰኩበት ቲቪው ከሁለት ሜትር ርቀት ዋይፋይ ያገኛል። ከኬብል እኩል ባይሆንም በጣም ይጠጋዋል።

የራውተሩ ቀዳዳዎች ሞልተዋል። ምን ላድርግ?

ስዊች የሚባል ትንሽ ሳጥን ግዙ፤ ባለ 5 ቀዳዳው ይበቃል። ከራውተሩ አንድ ኬብል ይገባል፣ ሌሎቹ ቀዳዳዎች ለቲቪ፣ ለኮምፒውተር፣ ለጌም። ምንም ማስተካከያ የለውም። አንዱን ኬብል ቆርጦ ለሁለት ዕቃ በቴፕ መቀጠል ግን አይሠራም። ይህን ሞክሮ ያየሁት ሰው አንድ አይደለም።

ሰካሁት፣ ቲቪው ግን ኬብል የለም ይላል።

መጀመሪያ ራውተሩን እዩ። ኬብሉ የገባበት ቀዳዳ መብራት ካልበራ ችግሩ ኬብሉ ወይም ጃኩ ነው። ነቅላችሁ ቀጭ እስኪል መልሱት። ካልበራ ያንኑ ኬብል ላፕቶፕ ላይ ሞክሩት፣ ወይም ባለ መብራት የኬብል መፈተሻ ያለው ሰው ፈልጉ። ለ100 ሜጋቢት የሚሠሩት 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ እና 6ኛ ሽቦዎች ናቸው። ማለትም ብርቱካናማዎቹና አረንጓዴዎቹ። ከእነሱ አንዷ ከተቋረጠች ቲቪው ምንም አያይም።

መብራቱ እየበራ አሁንም እምቢ ካለ ሌላ ቀዳዳ ሞክሩ። አንዳንድ የፋይበር ሳጥኖች ላይ አንዱ የላን ቀዳዳ ለአይፒቲቪ፣ ማለትም በዚያው መስመር ለሚመጣ የቲቪ ቻናል አገልግሎት፣ ተብሎ ይለያል፤ እዚያ የተሰካ ዕቃ ኢንተርኔት አያገኝም። የስልኩንም ቀዳዳ ከላን ጋር አታምታቱት።

ቀጥሎ ቲቪው ኔትወርክ ስቴተስ ውስጥ ያለውን የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም ቲቪው በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ አንብቡ። በ192.168 የሚጀምር ከሆነ ራውተሩ አድራሻ ሰጥቶታል፤ ጥሩ ነው። በ169.254 ከጀመረ ቲቪው አድራሻ ጠይቆ መልስ ስላጣ ለራሱ ያወጣው ነው። ራውተሩን አጥፉት፣ ግማሽ ደቂቃ ቆይታችሁ አብሩት። ራውተራችሁ ላይ የሚፈቀድላቸውን ዕቃዎች መዝግባችሁ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አስታውሱ፦ የቲቪው የኬብል መለያ ቁጥር ከዋይፋዩ መለያ ቁጥር ይለያል። አዲሱንም መመዝገብ አለባችሁ።

ተገናኝቷል ይላል፣ ዩቲዩብ ግን አይከፍትም።

ሰዓቱንና ቀኑን እዩ። ይህ እኛ ጋ ከሌላው አገር በላይ ያጋጥማል። ብዙ ሰው ቲቪውን ሲገዛ ዓመተ ምሕረቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሞላዋል፣ ሰዓቱንም እንደ እጅ ሰዓቱ ያስተካክለዋል። ለቲቪው ያ ማለት ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት ነው። ዩቲዩብና ኔትፍሊክስ ሲከፈቱ የደኅንነት ሰርተፊኬት ይለዋወጣሉ፤ ሰርተፊኬቱ ደግሞ የሚጀምርበት ቀን አለው። ቲቪው ገና ያልተሰጠ ነው ብሎ ይገፋዋል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን ኢንተርኔት የለም የሚል ነው። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቱን በአዲስ አበባ ወይም በናይሮቢ የሰዓት ክልል አድርጉት። አውቶማቲክ የሚለውን መምረጥ ይሻላል።

ቀኑ ልክ ከሆነ ዲኤንኤሱን፣ ማለትም እንደ ዩቲዩብ ያለውን ስም ወደ አድራሻ ቁጥር የሚተረጉመውን አገልግሎት፣ ቀይሩ። አይፒ ሴቲንግስ ውስጥ ዲኤንኤስ የሚለውን ወደ ማንዋል ቀይራችሁ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 አስገቡ። ሌላውን ቁጥር አትንኩት።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ቲቪው ኢንተርኔት ያጣል።

ቲቪው ቀድሞ ስለሚነሳ ነው። የፋይበሩ ሳጥን ተነስቶ መስመሩን እስኪያገኝ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ታገሱት። ቲቪው በራሱ ካልተመለሰ ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ አብሩት፤ በሪሞት ሳይሆን ከሶኬቱ ነቅላችሁ። ለራውተሩ የሚሆን ትንሽ ባለ ባትሪ ዩፒኤስ ይሸጣል። ስትገዙ የራውተሩ አዳፕተር ላይ የተጻፈው ቮልትና አምፒር ጋር አመሳክሩ፤ ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው፣ ሁሉም ግን አይደሉም።

ቲቪው በኬብል፣ ስልኬ በዋይፋይ ነው። ከስልክ ወደ ቲቪ መላክ እምቢ አለኝ።

በመሠረቱ መሥራት አለበት። ኬብልም ይሁን ዋይፋይ ከአንድ ራውተር እስከወጡ ድረስ ይተያያሉ። ካልተያዩ አንደኛው ምክንያት ስልኩ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ መሆኑ ነው፤ የእንግዳው መስመር ከቤቱ ዕቃዎች የተነጠለ ነው።

ሁለተኛውና ብዙ ሰው የሚለፋበት ሁለት ራውተር መኖሩ ነው። ፋይበሩ ሳጥን ላይ ሌላ ራውተር ቀጥላችኋል፤ ቲቪው ከመጀመሪያው፣ ስልኩ ከሁለተኛው ጋር ተገናኝቷል። ሁለተኛው ራውተር የራሱን ኔትወርክ ስለፈጠረ ቲቪው ስልኩን አያየውም። መፍትሔው ሁለተኛውን ራውተር አክሰስ ፖይንት ወደሚለው ማዞር ነው። ያ ምርጫ ከሌለው መጀመሪያ የራሱን አድራሻ ከዋናው ራውተር የተለየ አድርጉ። ቀጥሎ ለዕቃዎች አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒውን አጥፉት። ከዚያ ከዋናው የሚመጣውን ኬብል ዋን (WAN) ከሚለው ቀዳዳ ነቅላችሁ ላን ከሚሉት በአንዱ ሰኩት። ቀላሉ መንገድ ደግሞ ቲቪውንም ወደ ሁለተኛው ራውተር ማዞር ነው።

ኢንተርኔቴ ጣሪያ ላይ ከተሰቀለ አንቴና ነው የሚመጣው። ያንን ኬብል በቀጥታ ቲቪው ላይ ልሰካው?

አደራ፣ እንዳትሰኩ። እንዲህ ያሉ አንቴናዎች ኤሌክትሪክ የሚያገኙት በዚያው በኔትወርክ ኬብሉ ነው። ከአንቴናው አዳፕተር ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ። ፒኦኢ የሚለው ወደ አንቴናው የሚሄደው ነው፤ 24 ወይም 48 ቮልት ሊኖርበት ይችላል። ቀዳዳዎቹ መልካቸው አንድ ነው። አንዳንዱ አዳፕተር ቮልቱን የሚልከው ከማን ጋር እንደተገናኘ ሳይጠይቅ ነው፤ ቲቪውን ሊያቃጥል ይችላል። ላን ከሚለው ቀዳዳ ወደ ራውተር፣ ከራውተሩ ወደ ቲቪ ውሰዱት።

ራውተሩ ዋናው ቤት ነው፣ ቲቪው ሰርቪስ ቤት። በግቢው ላይ ኬብል ልሳብ?

ይቻላል፤ ግን የቤት ውስጥ ኬብል ለዚህ አልተሠራም። ፀሐዩ ሽፋኑን ያደርቀዋል፣ ይሰነጣጥቀዋል፤ ክረምት ሲመጣ ውሃ ይገባበታል። ለውጭ የሚሆነው ጥቁርና ወፈር ያለ ሽፋን ያለው ነው። እሱንም ቱቦ ውስጥ አድርጋችሁ መሬት ቅበሩት። ከልብስ ማስጫው ሽቦ ጋር አስራችሁ በአየር አትሳቡት።

ዋናው ስጋት መብረቅ ነው። ኬብሉን በቀጥታ ባይመታው እንኳ አቅራቢያ ሲወርድ በረጅም የመዳብ ሽቦ ላይ ድንገተኛ ጉልበት ይፈጥራል። ያ ጉልበት በአንድ ጊዜ ራውተሩንም ቲቪውንም ሊወስድ ይችላል። በተለይ ሁለቱ ቤቶች የተለያየ ቆጣሪና የተለያየ የመሬት መስመር (ኧርዝ) ካላቸው የእኔ ምክር ፋይበር ነው። በሁለቱም ጫፍ ከፋይበር ወደ ላን የሚቀይር ትንሽ ሳጥን ይገጠማል፣ በመሃል የሚሄደው ብርጭቆ ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ወጪው ከፍ ይላል። መዳብ ከዘረጋችሁ ደግሞ የክረምት ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት ኬብሉን ከሁለቱም ጫፍ ንቀሉት፤ ከጀመረ በኋላ ግን አትንኩት፤ ዝናቡ እስኪያባራ ሳይሰካ ይቆይ።